ስለ አንድ የአንቴና ዘንግ

ሰው ወደ በረሃ ሲወርድ ስንቁን፥ ውሃውንና ነዳጁን ቆጥሮ ይጭናል፤ ድምፁን ቆጥሮ የሚጭን ግን ጥቂት ነው። እኛም ከማይቆጥሩት ወገን ነበርን። የሬዲዮ መገናኛው ከመኪናው ውስጥ ከተገጠመና መብራቱ ከበራ፥ የቀረው ሁሉ የተሟላ ይመስለን ነበር። ከኮፈኑ ፊት ቆሞ በነፋስ የሚወዛወዘውን ዘንግ የምናየው እንደ ጌጥ እንጂ እንደ መሣሪያ አልነበረም። ይህ አስተያየታችን ስሕተት መሆኑን አንድ ቀን አስተምሮናልና፥ የዚያን ቀን ነገርና ከእርሱ ያገኘነውን ትምህርት ለአንባቢዎቻችን ለማካፈል ወደድን።

ነገሩ የሆነው በ1998 ዓ.ም. በኅዳር ወር ነው። የውሃ ጉድጓዶችን ለመመልከት ከደሴ ተነሥተን፥ በኮምቦልቻና በባቲ በኩል ወደ አፋር ቆላ እንድንወርድ ታዘዝን። ለመኪናው አንቴና የመምረጡ ሥራ ለእኛ ተሰጥቶ ነበር። ከቀረቡልን ከሁለቱ አንደኛው አጭር፥ ወፍራምና ጥቁር ሆኖ ከግርጌው ብርቱ ሞላ ነበረበት፤ ሁለተኛው ረጅም፥ ቀጭንና የሚያብለጨልጭ ነበር። እኛም ረጅሙን መረጥን። ለምን ቢሉ፥ ረጅም ስለ ሆነ ሩቅ የሚያሰማ መስሎን ነው፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ለመኪናው ግርማ ስለ ሰጠው ነው። በወጣትነታቸው በጦር ሠራዊት የመገናኛ ክፍል ያገለገሉት ሽማግሌው ሾፌራችን ዘንጉን ከግርጌው ይዘው ነቅነቅ አደረጉና፥ «ጌታዬ፥ ይህ ለአስፋልት ነው፤ ግራር አያውቅም» አሉን። እኛም «አይዞዎት፥ ጋሼ» ብለን ነገሩን በፈገግታ አሳለፍነው።

በሦስተኛው ቀን ከዋናው መንገድ ወጥተን በደረቅ ወንዝ ዳር ስንጓዝ፥ ዝቅ ብሎ የተዘረጋ የግራር ቅርንጫፍ ዘንጉን ያዘው። ሞላ ስላልነበረበት ጎንበስ ብሎ ማለፍ አልቻለምና ከሥሩ ተቀነጠሰ። መኪናው እስከ ሄደ ድረስ ምን ቸገረን ብለን ስባሪውን ከፖርቶ መጋላው ላይ ጥለን ጉዟችንን ቀጠልን። አንድ ሰዓት ያህል እንደ ሄድን የኋላው ባሌስትራ ተሰበረ። ከጧት ጀምሮ ዝም ብሎ የነበረው ወጣቱ ባልደረባችንም ወባ ተነሥቶበት ኖሮ፥ በዚያ ሐሩር ውስጥ ይንቀጠቀጥ ጀመር። መኪናው አይንቀሳቀስም፤ የወባ መድኃኒት አልያዝንም፤ በአካባቢውም ሰው አይታይም ነበር።

ሬዲዮውን ከፈትነው፤ መብራቱ በራ። ብንጣራ ግን የሚመልስ አልነበረም። ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ የሚባለው ተረት የተነገረው ለእኛ መሰለን። ሕመምተኛው ከብርድ ልብሱ ውስጥ ቀና ብሎ፥ «ደሴ ሰሙን ወይ?» ሲል ጠየቀን። እኛም «አዎ፥ ሰምተውናል» አልነው። ውሸት ነበር።

ሾፌራችን አልወቀሱንም። ከመሣሪያ ሣጥናቸው አንድ ጥቅል የኤሌክትሪክ ሽቦ አወጡና በክንዳቸው እየለኩ እስከ ሠላሳ ቆጠሩ፤ ይህም 15 ሜትር ያህል ነው። የሽቦውን ጫፍ ልጠው ከአንቴናው ገመድ መካከለኛ ሽቦ ጋር ገመዱት፤ የገመዱንም የውጭ ጥልፍ ቀለሙን ፍቀው ከመኪናው ብረት ጋር በቡሎን አሰሩት። ከዚያም በሌላው ጫፍ ላይ ሲባጎ ቀጥለው፥ ሲባጎውን ከድንጋይ ጋር አሥረው በአቅራቢያችን ከነበረው ዛፍ ላይ ወረወሩት። «ግራር የሰበረውን ግራር ይሸከመው» አሉ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ፥ የደሴው ጣቢያ በሚያዳምጥበት ጊዜ ተጣራን። የመጀመሪያው ጥሪ ባዶ ቀረ። በሁለተኛው አንድ የራቀ፥ ነገር ግን ጥርት ያለ ድምፅ ስማችንን ጠርቶ መለሰልን። የተላከው መኪና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ደረሰ፤ ልጁም ሐኪም ቤት ገብቶ ዳነ።

ከዚያ በኋላ ሠላሳ ክንድ ሽቦ የሠራውን ያ የሚያብለጨልጭ ዘንግ ሊሠራው ይችል ነበር ወይ ብለን መመርመር ጀመርን። የሬዲዮ ሞገድ ርዝመት የሚገኘው 300 በሜጋኸርትዝ ሲካፈል ነው። እኛ የምንጠቀምበት ሞገድ 5 ሜጋኸርትዝ ያህል ስለ ነበረ ርዝመቱ 60 ሜትር ይሆናል፤ አንቴና ደግሞ በደንብ የሚሠራው የዚህን ሩብ፥ ማለት 15 ሜትር ያህል ሲሆን ነው። ይህን የሚሸከም መኪና የለም። ስለዚህ የመኪና አንቴና ጎድሎ የተሠራ ነው፤ ጉድለቱንም የሚሞላለት በውስጡ የተጠቀለለው ሽቦ ሲሆን፥ ከኀይሉ ብዙው ክፍል ሙቀት ሆኖ ይቀራል። እኛ በዐይናችን የለካነው የአንድ ሜትር ብልጫ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር እንደ ምንም የሚቆጠር ነበር። ከዛፍ ላይ ዝቅ ብሎ የተዘረጋ ሽቦ ደግሞ ብዙውን ሞገድ ወደ ላይ ይልካል፤ ሞገዱም ከምድር በላይ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ድረስ ከሚገኘው በኤሌክትሪክ ከተሞላው የአየር ክፍል ተመልሶ ይወርዳል። በእኛና በደሴ መካከል የቆመውን ተራራ የተሻገርነው በዚህ መንገድ ነው።

ከመኪና ወደ መኪና የሚያነጋግረው የአጭር ርቀት ሬዲዮ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። በ150 ሜጋኸርትዝ የሞገዱ ሩብ 50 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለ ሆነ አንቴናው ሙሉ ሆኖ ሊሠራ ይችላል፤ ሆኖም ሞገዱ ዐይን እንደሚያይበት ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ተራራ ይጋርደዋል። ሻጮች «ኀይል ያበዛል» የሚሉት ረጅም አንቴናም ኀይል አይፈጥርም። አንድ ጭልፋ ሊጥ ሰፊ ምጣድ ላይ ቢያሰፉት እንጀራው ይሳሳል እንጂ ሊጡ አይጨምርም፤ እንዲሁ ይህ አንቴና ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደውን ቀንሶ በአግድም ያሰፋዋል። ይህ ለሜዳ መልካም ነው። ከዓባይ በረሃ ሥር ሆኖ ከአፋፉ ላይ ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር ግን አጭሩ ይሻላል።

ስለ ጥንካሬም የተማርነው አለ። ከግርጌ ያለ ሞላ ቅርንጫፍ ሲመታው ዘንጉ ጎንበስ ብሎ እንዲነሣ ያደርገዋል፤ እጅግ የላላ ሞላ ግን በሩጫ ጊዜ ዘንጉን ወደ ኋላ ያጋድመዋል። ለሞገዱ የተሻለው ስፍራ የጣሪያው መካከል ነው፤ ቅርንጫፍ የሚበዛበት መንገድ ግን ዘንጉን ከፊት መከላከያው ላይ እንድናቆም ያስገድደናል። በዚያ ጊዜ ጣሪያውን የማይፈልግ ዓይነት መምረጥ ይገባል። ከአንቴና ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ግን ማያያዣው ነው፤ ኮረኮንች ቡሎኑን ያላላል፥ ውሃ ከገመዱ ውስጥ ይገባል፥ ዝገትና ቀለም ብረትን ከብረት ይለያሉ። አንቴናው የማይቀበለውን ኀይል ወደ ሬዲዮው የሚመልስ መሆኑን የሚያሳይ መለኪያ አለ፤ ንባቡ ከ1.5 ባይበልጥ መልካም ነው፤ 3 ከደረሰ ከተላከው ኀይል ሩቡ ይመለሳል። ይህንም የሚለኩት ከጉዞ በፊት እንጂ ከበረሃው መካከል አይደለም።

እንዲህ ያለውን ዕውቀት የሰበሰቡት ሩቅ አገር ያላቸው ሕዝቦች ናቸው። በአውስትራሊያ አልፍሬድ ትሬገር የተባለው መሐንዲስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1929 ዓ.ም. በእግር እየተረገጠ የሚሠራውን ሬዲዮ ለበረሃው ነዋሪዎች ባዳረሰ ጊዜ፥ ሕመምተኛ ያለበት ቤት በአውሮፕላን የሚመጣውን ሐኪም ለመጥራት ቻለ። ዛሬ በእኛ አገር የእጅ ስልክ ብዙ ስፍራ ቢደርስም፥ ግራር እንጂ የስልክ ምሰሶ የማይታይበት ሜዳ አሁንም አለ።

ከዚያ ጉዞ ስንመለስ አጭሩን፥ ጥቁሩንና ባለ ሞላውን አስገጠምን። ሾፌራችን ከግርጌው ይዘው ነቀነቁት፤ ከዚያም ምንም ሳይናገሩ ሠላሳውን ክንድ ሽቦ ጠቅልለው ከወንበራቸው ሥር አኖሩት። እኛም ዛሬ ማናቸውም ሰው አንቴና ምረጡልኝ ቢለን አስቀድመን የምንጠይቀው ርዝመቱን ሳይሆን የሚሄድበትን መንገድ ነው። ለዚያ ልጅ «ሰምተውናል» ያልነው ቃል እውነት የሆነው በእኛ ምርጫ አልነበረምና።