ኮምፒውተሬ አማርኛ የረሳበት ሳምንት

«ዓይን ሳይኖርሽ ኮምፒውተር እንዴት ትጠቀሚያለሽ?» የሚለውን ጥያቄ ሠርግ ቤትም፣ ታክሲ ሰልፍ ላይም፣ የልጄ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይም ስለምጠየቀው መልሱ አፌ ላይ ነው። ስክሪን ሪደር የሚባል ፕሮግራም አለ። ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ ያነብልኛል፤ እኔ ደግሞ ማውሱን ትቼ በኪቦርድ ብቻ ከቦታ ቦታ እሄዳለሁ። የእኔው ኤንቪዲኤ ይባላል። ማይክል ከራን የተባለ አውስትራሊያዊ፣ እሱም ዓይነ ስውር ነው፣ በ2006 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሲሆን እስከ ዛሬ በነፃ ይገኛል። በነፃ መገኘቱን ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትዩት፤ ጆስ ለሚባለው ታዋቂው ተወዳዳሪው ፈቃድ የሚከፈለው በዶላር ነው። የንባብ ፍጥነቱን ስለማበዛው ባልደረቦቼ «ዛሬም የንብ ቀፎውን ከፈትሽው?» ይሉኛል። እኔ ግን ከዚያ ጫጫታ ውስጥ የሽያጭ ሪፖርት፣ የማስታወቂያ ውል፣ የደንበኞች ቅሬታ እሰማለሁ። ደመወዜንም የማገኘው ከዚያ ጫጫታ ነው።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቆመ። ድጋፍ ቆመ ማለት የደኅንነት ቀዳዳዎችን የሚደፍኑ ማሻሻያዎች አይመጡም ማለት ስለሆነ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ወደ ዊንዶውስ 11 ተሻገሩ፤ የእኛም ተሻገረ። በውሳኔው ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ አንድ ጥያቄ ሳልጠየቅ መሆኑ ላይ ነው። ቅዳሜና እሑድ ላፕቶፖቻችን ተሰብስበው፣ ፋይሎቻችን ወደ ሌላ ቦታ ተገልብጠው፣ ውስጣቸው ሙልጭ ብሎ ተጠርጎ አዲሱ ተጫነባቸው። ሰኞ ጠዋት ላፕቶፔን ስከፍት ጸጥታ ነበር።

የሚያይ ሰው በአዲስ ዊንዶውስ ሲደናገር ቢያንስ የሚደናገርበት ነገር ፊቱ አለ። «ይሄ ቁልፍ የት ሄደ?» ብሎ ይፈልጋል። ለእኔ የጠፋው ቁልፉ አልነበረም፤ ቤቱ ራሱ ነው።

እጅ አልሰጠሁም። ዊንዶውስ ናሬተር የሚባል የራሱ አንባቢ አለው፤ የዊንዶውስ ምልክቱን ቁልፍ፣ ኮንትሮልንና ኤንተርን አንድ ላይ ሲጫኑ ይነሳል። ተነሳልኝ። ኤንቪዲኤን ልጭን ስል ግን የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። በፍላሽ ይዤው የምዞረውን ቅጂ ልጠቀም ስል አዲሱ የደኅንነት ሥርዓት ፍላሽ እንደማይቀበል ነገረኝ። የይለፍ ቃሉን የያዘው የአይቲ ባለሙያ ደግሞ የቅርንጫፎችን ኮምፒውተሮች ለመቀየር ወጥቷል፤ የሚመለሰው ዓርብ ነው።

ናሬተር እንግሊዝኛውን ያነብልኛል። አማርኛ ሲያገኝ ግን ዝም ብሎ ይዘለዋል። አንድ ገጽ ሙሉ ደብዳቤ ከፍቼ የሰማሁት «ትዌንቲ ኤይቲን» የሚለውን ብቻ ነው፤ ዓመተ ምሕረቱን መሆኑ ነው። የቢሯችን ግማሽ ሥራ በአማርኛ የሚሠራ በመሆኑ በዚያ ሳምንት በግማሽ ጆሮ እሠራ ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያ ደግነት መጣ። ደግነት ስል አሽሙር አይደለም፤ ባልደረቦቼ ከልባቸው ነው ያሰቡልኝ። «አንቺ ዕረፊ፣ የበዓሉን ቅናሽ ሪፖርት እኔ እጨርሰዋለሁ» አለች አንዷ። ሌላው የማስታወቂያ ድርጅቶቹን ስልክ ወደ እሱ አዞረው። ረቡዕ ላይ የሁለት ወር ሥራዬን ውጤት ሌላ ሰው ለአለቆች ሲያስረዳ እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ አዳምጥ ነበር። ማንም የነጠቀኝ የለም። ግን በሦስት ቀን ውስጥ የሥራ ባልደረባ መሆኔ ቀርቶ የሚታዘንልኝ ሰው ሆኜ ነበር። ይህ ስሜት እዚህ ለመድረስ ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ ለማያውቅ ሰው ትንሽ ሊመስል ይችላል።

በዚያው ማታ ላፕቶፑን ቤት ይዤ ገባሁ። ሁለተኛ ክፍል ያለች ልጅ አለችኝ፤ ፊደል ስትቆጥር የኖረች ናትና አሁን ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች፤ የሳሙና ካርቶን አይቀራትም። ከሰው ሀብት ክፍል የመጣና ናሬተር የዘለለው ኢሜይል ነበር። እኔ ከፍቼ ስፈልግ እሷ በትከሻዬ ላይ ተንጠልጥላ ማንበብ ጀመረች። «የ-ሥራ መሣ-ሪያ-ዎ ችግር እስ-ኪፈታ ድረስ... ወደ ስልክ ምላሽ ክፍል... እን-ዲ-ዛ-ወሩ...» አለችና ቆም ብላ «እማዬ፣ እንዲዛወሩ ማለት ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ክፍል መቀየር ማለት ነው» አልኳት።

«አጥፍተሽ ነው?»

«አላጠፋሁም።»

ቀጥላ ልታነብ ስትል ላፕቶፑን ከደንኩት። እናት የሆናችሁ ይገባችኋል። ልጄ ለእኔ ዓይን እንድትሆን አልፈልግም። መንገድ ስንሻገር እጄን ትይዛለች፣ ያ የእናትና ልጅ ወግ ነው። የእኔን የሥራ ደብዳቤ፣ የባንክ ሒሳብ፣ የአለቃን ቁጣ እያነበበች እንድታድግ ግን አልፈቅድም። ለብቻዬ የማነብበት ድምፅ የተፈለገው ለሥራ ብቻ አይደለም፤ አንዳንድ ነገር ከልጅ ጆሮ እንዲርቅም ነው።

ሐሙስ ጠዋት መልሴን በጽሑፍ አላደረግኩትም፤ ሰው ሀብት ክፍል ራሴ ሄድኩ። ያነጋገሩኝ ሴት ትልቅ ሰው ናቸው፤ «የኔ ልጅ፣ ላንቺ አስበን እኮ ነው፤ ስልኩ ይቀልሻል ብለን» አሉኝ። «እናመሰግናለን፤ ግን እኔ የተቸገርኩት በሥራው አይደለም፤ በአንድ የይለፍ ቃል ነው» አልኳቸው። የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ተስማሚ የሥራ ሁኔታና መሣሪያ እንዲያመቻች እንደሚያስገድድም በትሕትና ጠቀስኩላቸው። አዋጅ ሲጠራ ክፍሉ ውስጥ ያለው አየር ትንሽ ይለወጣል፤ እሱን አልክድም። የአይቲው ልጅ በስልክ ተጠርቶ ከሰዓት በኋላ ደረሰ።

ሁሉም ነገር የፈጀው ሃያ ደቂቃ ያህል ነው። ኤንቪዲኤ ተጫነ፤ አሁንም አማርኛውን ዘለለው። ልጁ ላብ አጠመቀው፤ እኔ ግን ምክንያቱን አውቀው ነበር። አዲስ ሲጫን ድምፁን የሚወስደው ከዊንዶውስ ነው፤ ያ ድምፅ ደግሞ የእኛን ፊደል አያውቅም። ኢንሰርት፣ ኮንትሮልና ኤስ ስጫን የድምፅ ማመንጫ መምረጫው ተከፈተ፤ ኢስፒክ የሚባለውን መረጥኩ፤ ከዚያ ከድምፆቹ ዝርዝር ውስጥ አማርኛን። የኢስፒክ አማርኛ ያምራል አልልም፤ ጉንፋን የያዘው ሰው ጆንያ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል። ያን ቀን ግን ያንን ድምፅ ስሰማ አልቅሼ ነበር ብላችሁ እመኑኝ። መጀመሪያ ያነበብኩት የዝውውሩን ደብዳቤ ነው፤ ከላይ እስከ ታች፣ ለብቻዬ። ዝውውሩ በማግስቱ ቀረ።

ዊንዶውስ 11ን ራሱን መልመድ የዚህን ያህል አላስቸገረኝም። ሰዎች ስለ ታስክባሩ መሃል ላይ መሆን ሲያማርሩ እሰማለሁ፤ ለእኔ መሃል ሆነ ግራ አንድ ነው። ያስቸገረኝ ፋይል ላይ የሚከፈተው ሜኑ ነው። ተራውን በቃሌ የያዝኩት አሮጌው ሜኑ ከአዲሱ ጀርባ ተደብቋል፤ ሺፍትና ኤፍ 10 ሲጫኑ ግን በቀጥታ ይመጣል። ቅንብሬን ሁሉ ያስቀመጥኩበትንም ተንቀሳቃሽ የኤንቪዲኤ ቅጂ በፍላሽ አዘጋጀሁ፤ አይቲዎቹም ያችን አንዲት ፍላሽ ኮምፒውተሬ እንዲቀበላት ፈቀዱላት።

እናንተ ቤት ወይም ቢሮ እንደ እኔ ያለ ሰው ካለ፣ ኮምፒውተሩን ወይም ስልኩን ከማሻሻላችሁ በፊት እሱኑ ጠይቁት። ከመጫኑ በፊት የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ፣ ከተጫነ በኋላ ከሚመጣ የሳምንት ርኅራኄ ይሻላል። ስትረዱትም ማውሱን ነጥቃችሁ «ይቺን፣ እዚህ ጋ» አትበሉት፤ «ይቺ» የምትባል ቁልፍ እኔ ኮምፒውተር ላይ የለችም። የተጻፈውን ቃል አንብቡለት፣ ቀሪውን እሱ ያውቃል። እና እባካችሁ፣ ሥራውን ወስዳችሁ አትጨርሱለት።

ባለፈው ሳምንት የአይቲው ልጅ ስልክ ደወለልኝ። «እህቴ፣ ቅዳሜ ማሻሻያ አለ። ያቺን ፍላሽሽን ይዘሽ አንድ ሰዓት ላይ ብትመጪስ? መጀመሪያ ያንቺን እንሞክራለን፤ አማርኛ ካነበበ በኋላ ወደ ሌሎቹ እንሄዳለን» አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት የልጄ የመዋኛ ሰዓት ነበር፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተስማማን።