የድንግዝግዝ ዋጋ

የድሮ ጠጅ ቤት የደበዘዘው ለውበት ታስቦ አልነበረም፤ ላምባ ገንዘብ ስለሚበላ ነው። ባለ ጠጇ የፋኖሱን ክር ዝቅ የምታደርገው እንግዳዋ በትዝታ እንዲብሰለሰል ብላ ሳይሆን ላምባው እስከ መዝጊያ ሰዓት እንዲያደርሳት ነው። በዚያ ላይ በደብዛዛ ብርሃን ብርሌ ውስጥ የሚንሳፈፍ የጌሾ ስባሪ ማን ያያል?

ይህን ሁሉ ነግሬው ያልሰማኝ ወዳጅ አለኝ። ሳሎኑ ጥግ ላይ «የአባቶቻችን ጠጅ ቤት» የሚለውን ባር አቆመ። ዱካው አለ፣ ብርሌው ተደርድሯል፣ ግድግዳው ላይ ጋሻ ተሰቅሏል። ጂፕሰም ኮርኒሱ ላይ የተተከሉት ስፖት ላይቶች ቦግ ሲሉ ግን ቤቱ የጥርስ ክሊኒክ ይመስላል። «እስቲ ምን ጎደለው?» አለኝ። «ምንም አልጎደለውም፤ መብራቱ በዝቶበት ነው» አልኩት።

ነገሩ የመብዛት ብቻ አይደለም፤ የቀለምም ነው። የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል፤ ቁጥሩ ዝቅ ባለ መጠን ወደ ቢጫና ወደ ቀይ ያደላል። የሻማ ነበልባል 1900 ገደማ ነው፤ ባለ ክሩ የድሮ አምፖል 2700። የወዳጄ ኮርኒስ ላይ የተሰኩት 6500 ናቸው። በዚያ ብርሃን እንኳን ጋሻው፣ የዓድዋ ዘማች ራሱ ቢቀመጥ መታወቂያ ሊያሳድስ የመጣ ነው የሚመስለው።

የሚገርመው፣ ዛሬ ገንዘብ ከፍለን የምንገዛው ቢጫ ብርሃን ትናንት ሰዎች ሲሸሹት የኖሩት ድክመት መሆኑ ነው። የላምባ መብራትን ለወግ ለማዕረግ ያበቃው ፖላንዳዊው ፋርማሲስት ኢግናሲ ሉካሴቪች ነበር። መብራቱ ስሙ የተነሣው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1853፣ ልቪቭ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ለሌሊት ቀዶ ሕክምና ሲበራ ነው። ሰውዬው የደከመው ቁስል እንዲታይ እንጂ ሰው ተደብቆ እንዲጠጣ አልነበረም። በ1879 የኤዲሰን አምፖል ሲመጣም ክሩ ካርቦን ነበር፤ ካርቦን ከልክ በላይ ከጋለ እየተነነ መስታወቱን ያጠቁረዋል፤ ስለዚህ በፈዘዘው ቢጫ መርካት ግድ ሆነ። በ1910 ዊልያም ኩሊጅ ተንግስተንን እንደ ክር ስቦ ሲያቀጥነው፣ ዓለም እፎይ ብላ ወደ ነጣ ወዳለው ሮጠች።

አሁን «ኤዲሰን» ተብሎ የሚሸጠውን አምፖል ሳይበራ ቀረብ ብላችሁ እዩት። ውስጡ ክር የለም፤ ቀጭን ዘንግ ላይ የተሰለፉ ጥቃቅን ኤልኢዲዎች ቢጫ ነገር ተለብጠው ነው ያሉት። ማስመሰል ነው፤ ግን ጥሩ ማስመሰል ነውና አስገዛሁት።

ስፖቶቹን አጠፋን። ከመርካቶ የመጣ አሮጌ ፋኖስ ሆዱ ተፈልቅቆ 2200 ኬልቪን አምፖል ገባበት፤ ከባንኮኒው በላይ ዝቅ ብሎ ተንጠለጠለ። (ካርቶኑ ላይ ዲመር እንደሚቀበል ያልተጻፈበትን አትግዙ፤ ሲቀንሱት ይርገበገባል።) ትልቁ ሥራ የመደርደሪያው ነበር፤ አንድ መብራት ከብርሌዎቹ ኋላ ሸሸግን። ከላይ የሚወርድ ብርሃን የሰውን ዓይን ጉድጓድ ያስመስለዋል፤ ከኋላ የሚመጣው ግን ጠጁን ሰንጥቆ ሲያልፍ ብርሌው ራሱ መብራት ይሆናል።

ኩራዝ ይጨመር ያለ የለም። ምናለሽ ተራ ከቆርቆሮ የተሠራች፣ መስታወት የሌላት፣ ስናጠና አምሽተን ጠዋት አፍንጫችንን ስንጠርግ ጥቀርሻዋን መሐረብ ላይ የምናገኛት ኩራዝ ለጌጥ አልታጨችም። ትዝታም ደረጃ አለው መሰለኝ።

በምርቃቱ ምሽት፣ ሁለተኛው ብርሌ ሳያልቅ መብራት ሄደ። እንግዳው ሁሉ የስልኩን ነጭ ባትሪ አበራ፤ ፋኖሳችን ሽቦውን ይዞ ዝም። «ላምባ እንሙላበት» ያለም ነበር፤ በሽቦና በፕላስቲክ በታጨቀ ሆድ! እናንተም እንዲህ ያለ ነገር ካሰባችሁ ፋኖሱን እንዳሻችሁ አስመስሉ፤ መሳቢያው ውስጥ ግን ሻማና ክብሪት አስቀምጡ።