ለናዝሬት፣ ከአዳማ

ውድ ልጄ ናዝሬት፣

ስለ ብርዱ፣ ስለ ገንዘቡና ስለ ጓደኛ አመራረጥ እናትሽ መክራሽ ጨርሳለች። ለእኔ የተረፈኝ ስምሽ ነው። ሰው አገር ስትገቢ ከአፍሽ መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ስለሆነ ትንሽ ነገር ነው ብለሽ አትለፊው።

ከሁሉ በፊት አንዱን ልናገር፦ ጀርመን አገር «ናዚ» ተብለሽ እንዳትጠሪ። እዚህ ጎረቤቱም የክፍል ጓደኛሽም ሲያቆላምጥሽ እንዲያ ነው የሚልሽ፤ በአገራችን ናዝሬት የምትባል ሴት ብዙ ጊዜ ናዚ ናት፤ ክፉ ያሰበበት የለም። እዚያ ግን አንዷ ሐበሻ ጓደኛሽ ባቡር ውስጥ «ናዚ! ናዚ!» ብላ ብትጣራ ፉርጎው ሙሉ ሰው ዞሮ ያያችኋል። ቃሉ ብሔራዊ ሶሻሊስት የሚለው የጀርመንኛ ስም ሲያጥር ነው፤ የሂትለር ሰዎች መጠሪያ። የሚሊዮኖች ደም አለበት። አያቱ ከገዳዮቹ ወገን በመሆኑ የሚያፍርም፣ አያቱ የተገደለበትም አጠገብሽ ተቀምጦ ይማራል። «በእኛ አገር ቁልምጫ ነው» ማለት ይቻላል፤ ግን ሐዘን ያለበትን ሰው ቆሞ ሰዋስው ማስተማር ደግ አይደለም። ናዙ በይ፤ ይበቃል።

የሚገርመው፣ ለእነሱም ቃሉ በፊት ቁልምጫ ነበር። በደቡብ ጀርመንና በኦስትሪያ ኢግናትስ የሚባለውን ልጅ (የእኛ አግናጥዮስ መሆኑ ነው) ቤተሰቡ ናዚ እያለ ይጠራው ነበር። የባላገር ስም ነው ተብሎም ከተሜው ያሾፍበት ነበር። ፓርቲው መጣና ቃሉን ወሰደው። ከዚያ ወዲህ ልጁን እንዲያ ብሎ የሚያቆላምጥ ማን አለ? ስሙ ያጠፋው ነገር አልነበረም።

ስምሽን ያወጣልሽ አያትሽ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ለምን እንደሆነ ግን በደንብ የነገርኩሽ አይመስለኝም። የተወለድሽው በመስከረም 1993 ነው፤ በፈረንጆቹ 2000 መሆኑ ነው። ከተማችን በይፋ ወደ ጥንት ስሟ ወደ አዳማ የተመለሰችውም በዚሁ በፈረንጆቹ ዓመት ነበር። ናዝሬት ያሏት፣ በጌታችን ከተማ ስም፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። አባቴ ከምንጃር ጤፍ በአህያ ጭኖ ወደዚህ ገበያ ሲመላለስ ያደገ ሰው ስለሆነ፣ እንጀራ የቆረሰባትን ከተማ በሌላ ስም አያውቃትም። «እሷ ከተወችው የልጄ ልጅ ትያዘው» አለ፤ አለቀ። የእናትሽ እናት ደግሞ በዚያው ሰሞን ደራርቱ ቱሉ ሲድኒ ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታገኝ አንቺን ታቅፋ ነበር። ሁለቱም የአርሲ ልጆች ናቸውና ደራርቱ አለችሽ፤ እስክትሞት ድረስም በሌላ አልጠራችሽም።

ትምህርት ቤት ሳለሽ ልጆቹ ይነኩሽና «ነዘረኝ!» እያሉ፣ ኤሌክትሪክ እንደያዘው ሰው እጃቸውን ያርገፈግፉ ነበር። ያ መመሳሰል የጆሮ ብቻ ነው። ናዝራዊም ዘመድሽ አይደለም። ሶምሶን ናዝራዊ ነበር ሲባል ፀጉሩን የማይላጭ፣ ለእግዚአብሔር የተለየ ማለት ነው፤ ያ ቃል በዕብራይስጥ የሚጻፈው በዘ ነው፤ የከተማዋ ስም ግን በጸ። ወደ እኛ በዘ የደረሰው በግሪክኛ በኩል ስለመጣ ነው። ጀርመኖቹ የላቲኗን ዜድ «ትስ» ብለው ስለሚያነቧት ናትሳሬት ይሉሻል፤ አትቆጪ፤ ሳያውቁት ከእኛ ይልቅ ለዕብራይስጡ ይቀርባሉ።

በጸ ስትይዢው ብዙ ሊቃውንት ኔጸር ከሚለው ቃል ጋር ያገናኙታል፤ ከግንድ ወይም ከሥር የሚያቆጠቁጥ ለጋ ማለት ነው፤ ኢሳይያስ ከእሴይ ሥር ይወጣል ያለው። አሁን ወደ አዳማ ነይ። በኦሮምኛ አዳሚ ቁልቋል ነው፤ ያ ቅርንጫፉን እንደ መቅረዝ ወደ ላይ የሚዘረጋው፣ ሲቆርጡት የሚደማው፣ ነጭ ደሙም ዓይን የሚያቃጥለው። ሰው የሚነታረክባቸው ሁለቱ ስሞች እንግዲህ አንዱ ዛፍ፣ ሌላው ቡቃያ ናቸው። በኦሪት ከሰዶምና ከገሞራ ጋር የምትጠራውን አዳማ አንስቶ የሚያሾፍ ቢገጥምሽ፣ ያችን ከእኛዋ ጋር የሚያገናኛት ድምፅ ብቻ መሆኑን ንገሪው።

የእውነት ዝምድና ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጆሮ ከማይጠረጥረው ቦታ ነው። ደራርቱ ያበበች ማለት ነው፤ አበበ ከሚለው ጋር በድምፅ አይገናኝም፤ በትርጉም ግን እህትና ወንድም ናቸው። ጋዲሳ ጥላ ነው፤ ጥላሁንን አስቢ። አንዳንዴ ደግሞ ድምፁም ትርጉሙም ይገጥማል፤ ቢቂላና በቀለን ይመስል። በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈውን የአበበ ቢቂላን ስም ከነአባቱ ጥሪው፤ አንዱ ቃል አማርኛ፣ ሌላው ኦሮምኛ፤ ያበበና የበቀለ። ሁለቱ አያቶችሽም ሳይመካከሩ አንዱ ቡቃያ፣ አንዷ አበባ አሉሽ። ኔጸር የሚባል ነገር አባቴ ሰምቶም አያውቅ።

ሐበሻ ስታገኚ አገርሽን ይጠይቅሻል። አዳማ ስትዪው ፊቱ የሚፈታው ስምሽን ስትነግሪው ይኮሳተር ይሆናል፤ ሌላው ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው። ለሁለቱም አንድ መልስ ስጪ፦ ከተማዬ አዳማ፣ ስሜ ናዝሬት። ለምን ካሉሽ የአያትሽን ጤፍ ንገሪያቸው። እኔ ከተማ በጥንት ስሙ መጠራት ይገባዋል ባይ ነኝ፤ ቢሾፍቱም ደብረ ዘይት ከመባሏ በፊት ቢሾፍቱ ነበረች። ሰው ሳይጠየቅ ስሙ ሲቀየርበት የሚሰማውን ማቃለል ነውር ነው። ግን ደግሞ ቃሊቲ መናኸሪያ ቆሞ «ናዝሬት! ናዝሬት!» የሚለውን ረዳት ፖለቲከኛ አታድርጊው፤ እሱ ተሳፋሪ ነው የሚፈልገው።

ወደ ወረቀቱ ልምጣ። የልደት ማስረጃሽ ላይ ስምሽ በቁቤ ስለተጻፈ አናባቢው ተደራርቧል። ፓስፖርትሽ ላይ ነጠላ ነው። ዲግሪሽ ላይ ደግሞ መጨረሻው ላይ «ኤች» ተጨምሮበታል። ለእኛ አንድ ልጅ ናት፤ ለውጭ አገር መሥሪያ ቤት ሦስት ሴቶች ናቸው። ማንኛውንም ፎርም ስትሞዪ ፓስፖርቱን ከፊትሽ ዘርግተሽ ፊደል በፊደል ገልብጪ፤ «ያው ነው» አትበዪ። የቤተሰብ ስም ይጠይቁሻል፤ እኛ ደግሞ የለንም። በፓስፖርትሽ እዚያ ቦታ የገባው የአያትሽ ስም ስለሆነ፣ ወረፋሽ ሲደርስ የሚጠሩት የምንጃሩን ገበሬ ነው፣ ያውም ከፊቱ «ወይዘሮ» ጨምረው። አትሳቂ፤ ተነሺ።

ጓደኞችሽን ከአሁኑ ናዙ ማለት አስለምጃቸው። ወንድምሽ ግን የለመድኩትን አልቀይርም ብሎኛልና ስልክ ሲደውልልሽ ማዳመጫ ጆሮሽ ላይ ይኑር።

እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ።

አባትሽ