የአይሮፕላን መትረየስን ታሪክ ለምን እሰበስባለሁ?

ሰው በትርፍ ጊዜው የሚሰበስበው ነገር ልዩ ልዩ ነው። አንዱ ቴምብር፣ ሌላው የጥንት ገንዘብ ይሰበስባል። በአውሮፓና በአሜሪካ ደግሞ ከድሮ የጦር አይሮፕላኖች ላይ የተነሡ መትረየሶችን፣ እንዳይተኩሱ ከተደረጉ በኋላ፣ በቤታቸው እያኖሩ ታሪካቸውን ለሌላው የሚያካፍሉ ሰዎች አሉ። በእኔ እጅ መትረየስ የለም፤ የአገራችን ሕግም ይህን ለግለሰብ አይፈቅድም። እኔ የምሰበስበው የመሣሪያውን ታሪክ ነው። ጓደኞቼ «የጠላት መሣሪያ ታሪክ ምን ይረባሃል?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ፣ መልሴን በዚህች መጽሔታችን ላይ ለመጻፍ ወደድሁ።

በመጀመሪያ ስለ መሣሪያው አፈጣጠር ጥቂት ልናገር። መትረየስ የሚለው ስም ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ መትረየስን በአይሮፕላን አፍንጫ ላይ መጥመድ አስቸጋሪ ነበር፤ ጥይቱ ከፊት የሚሽከረከረውን ውልብልቢት ይመታዋልና። ሮላን ጋሮስ የተባለ ፈረንሳዊ በ1907 ዓ.ም. ጥይት የሚያነጥር ብረት በውልብልቢቱ ላይ አስገጥሞ ተዋጋ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር በጀርመኖች እጅ ከወደቀ በኋላ ግን የፎከር ፋብሪካ የተሻለ ብልሃት አወጣ። ይኸውም ውልብልቢቱ ከመትረየሱ አፍ ፊት ሲደርስ ተኩሱን የሚገታ፣ ሲያልፍ የሚለቅ መሣሪያ ነው። ሉዊስ የተባለው መትረየስ ደግሞ በምድር ላይ ሳለ በዙሪያው ትልቅ ማቀዝቀዣ ልብስ ነበረው፤ ወደ ሰማይ ሲወጣ ግን ነፋሱ ራሱ ስለሚያቀዘቅዘው ያ ልብስ ተገፎለት ቀለለ።

ይህ ብልሃት ወደ እኛ ተራሮች ለመድረስ ብዙ ዘመን አልፈጀም። የመጀመሪያው አይሮፕላን አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦርነት ከራስ ጉግሣ ወሌ ሠራዊት በላይ አይሮፕላን በርሮ መጀመሪያ ወረቀት፣ ቀጥሎም ቦምብ ጣለ። ልክ በስድስተኛው ዓመት፣ በዚያው በመጋቢት 22 ቀን፣ የማይጨው ጦርነት ሆነ። በዚያን ጊዜ ግን በሰማዩ ላይ የሠለጠነው ጠላት ነበር። ኢጣሊያኖች ካፕሮኒ በተባሉት ቦምብ ጣዮቻቸው ላይ 7.7 ሚሊ ሜትር መትረየስ ያጠምዱ ነበር። በዚያው ልክ የተሠራው ብሬዳ ሳፋት የተባለው መትረየሳቸው በደቂቃ 800 ያህል ጥይት ይተፋል። በኢትዮጵያ በኩል ተዋጊ አይሮፕላን አልነበረም።

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ በቦምብ ስትደበደብ ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው በፀረ አይሮፕላን መሣሪያ ተኩሰዋል። ከማይጨው በኋላም ወደ ኋላ የሚመለሰው ሠራዊት በአሸንጌ ሐይቅ ዳር ቦምብና የመርዝ ጢስ ወረደበት። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ ወር ወደ ላሊበላችን መጥተው የጸለዩት ከዚያ መከራ ወጥተው ነው።

እንግዲህ ወደ ስብስቤ ልመለስ። አንድ ደብተርና አንዲት የካርቶን ሣጥን አለችኝ። በደብተሩ የአይሮፕላኖቹንና የመትረየሶቹን ሥዕል እየሣልሁ፣ የሽማግሎችንም ቃል እየጻፍሁ አኖራለሁ። በሣጥኗ ውስጥ ካሉት ሁሉ የምወደው አንድ የነሐስ ቀለህ ነው። የሰጡኝ የሰፈራችን እማሆይ ናቸው። አፉ በእንጨት ውታፍ ተደፍኖ የኩል ማስቀመጫ ሆኖ ኖሯል።

«እማሆይ፣ ይህን ከየት አገኙት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣ የእናቴ ነው» አሉኝ። «በጣሊያን ጊዜ አይሮፕላኑ ሲያጓራ ሰዉ እሳቱን እያጠፋ ወደ ዋሻ ይገባ ነበር። ካለፈ በኋላ እናቴ ይህን ከማሳው ላይ አነሣችው። ከሰማይ የወደቀ ነው ትል ነበር።»

ቀለሁን በማስመሪያ ብለካው ርዝመቱ 56 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ ከግርጌውም ወጣ ያለ ከንፈር አለው። የኢጣሊያ እግረኛ ጠመንጃ ቀለህ ግን እንዲህ ያለ ከንፈር የለውም፤ አፉም 6.5 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ የእማሆይ ቃል ከብረቱ ጋር ይስማማል። ነገር ግን የእንግሊዝ ጠመንጃ ጥይትም መጠኑ ከዚሁ ከኢጣሊያ የአይሮፕላን ጥይት ጋር አንድ ነው። እንግዲህ በልኩ ብቻ ቢሆን ይህ ቀለህ የጠላት ይሁን የወዳጅ፣ ከሰማይ ይውደቅ ከምድር ይተኮስ መለየት ባልተቻለ ነበር። የለየው የአንዲት እናት ቃል ነው። ብረት ያለ ነጋሪ ዲዳ ነው የምለው ስለዚህ ነው። ጓደኞቼ «የጠላት መሣሪያ» የሚሉትም ታሪኩ ሲነገር የዚያች እናት ታሪክ ሆኖ ይገኛል።

ነጋሪው ግን እያለቀ ነው። በማይጨው ዘመን የ10 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ቢኖር 100 ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ብረቱም ቢሆን ከፊሉ ለቁራሌው ይሸጣል፤ ከፊሉም በባለ እጅ ቤት ቀልጦ ማረሻ ይሆናል። ማረሻ መሆኑ መልካም ነው፤ ታሪኩ አብሮ መቅለጡ ግን ጉዳት ነው። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የተሠራችውን ፀሐይ የተባለችውን አይሮፕላን ተመልከቱ። ኢጣሊያኖች ወስደዋት ከሰማንያ ዓመት በላይ ከኖረች በኋላ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ ተመለሰች። ስሟና ታሪኳ ባይጠበቅ ኖሮ ይገባናል ብሎ የሚጠይቃት ማን ነበር?

ውድ ጓደኞቼ ሆይ፣ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በአገራችን ካለፈው ጦርነት ወዲህ በየጫካውና በየገደሉ ያልፈነዳ ነገር ተገኝቷል። እንዲህ ያለውን ያየ ሰው አይንካ፣ አይርገጥ፤ ቦታውን ለይቶ ለታላላቆች ይንገር። ለታሪክ ሲባል የሚጠፋ እጅም ሆነ ዓይን አይኑር።

አደጋ የሌለበት ስብስብ ግን በየቤታችን አለ። ዛሬ ማታ ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ከአያቶቻችሁ አጠገብ ተቀመጡ፤ ከወላጆቻቸው የሰሙትን ጠይቁ፤ የተናገረውን ሰው ስምና ቀኑን ጨምራችሁ ጻፉ። ለሚቀጥለው ዓመት መጽሔታችን ከእያንዳንዳችን አንዳንድ ገጽ ቢገኝ፣ ላስታ ከሰማይ የወረደባትን መከራ በራሷ ልጆች እጅ የጻፈች አገር ትሆናለች።