ከቤተ ሙከራ ወደ ማስታወቂያ፦ የተጣለ ትምህርት ወይስ የተሻገረ?

የተፈጥሮ ሳይንስ ተምሮ ኑሮውን በማስታወቂያ ፈጠራ ላይ የሚመሠርት ሰው፣ በቤተሰቡም ሆነ በጎረቤቱ ዘንድ ብዙውን ጊዜ የለፋበትን ትምህርት እንደ ጣለ ይቆጠራል። ይህ ፍርድ ግን ሁለት ነገሮችን ይዘነጋል፤ አንደኛው ወደ ሳይንስ የገባበት በር ሁልጊዜ እሱ የመረጠው አለመሆኑ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሳይንስ ያስለመደው የአስተሳሰብ ሥርዓት በአዲሱ ሙያም ሥራ የማይፈታ መሆኑ ነው።

በኢትዮጵያ ከ2000 ዓ.ም. በኋላ ለበርካታ ዓመታት የሠራው የ70/30 የምደባ ፖሊሲ፣ ማለትም ዩኒቨርሲቲ ከሚገቡ ተማሪዎች 70 በመቶው በሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው በማኅበራዊ ሳይንስና በሰብአዊ ጥናት ዘርፍ እንዲማሩ ያቀደው አሠራር፣ አገሪቱ ባለሙያ እንድታፈራ የታሰበ ቢሆንም የግለሰቡን ዝንባሌ የሚለካበት ሚዛን አልነበረውም። እንዲህ ያለው የአገር ፍላጎትና የግል ተሰጥኦ መለያየት ደግሞ ከፖሊሲው በፊትም የነበረ ነው። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር፤ ሆኖም ወደ ሥነ ጥበብ ዞረው በአፍሪካ አዳራሽ የሚታየውን 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን የባለቀለም መስተዋት ሥራ ለአገራቸው አበርክተዋል። ቴምብርም ነድፈዋል፤ ቴምብር ደግሞ እንደ ማስታወቂያ ሁሉ ሰፊ መልእክት በጠባብ ቦታ የሚጨመቅበት የጥበብ ሥራ ነው።

ከአገር ውጭ፣ የሰው ልጅን ጠባይ በሚታይ ድርጊቱ የሚያጠናውን የሥነ ልቡና ዘርፍ የመሠረተው ጆን ዋትሰን፣ እ.ኤ.አ. በ1920 ከዩኒቨርሲቲ ማስተማር ሲሰናበት ጄ. ዋልተር ቶምፕሰን በተባለው የኒው ዮርክ የማስታወቂያ ድርጅት ተቀጥሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኗል። ሁለቱን ሙያዎች፣ ሳይንስንና ማስታወቂያን፣ የሚያገናኘው መላ ምት ነው፤ መላ ምት ማለት በፈተና ሊጸድቅ ወይም ሊወድቅ የሚችል ግምት ሲሆን፣ የኮፒራይተር፣ ማለትም የማስታወቂያ ቃላትን የሚጽፈው ባለሙያ፣ እያንዳንዱ ረቂቅም አድማጩ ምን እንደሚፈራና ምን እንደሚመኝ የሚገምት፣ በገበያው ምላሽ የሚፈተን መላ ምት ነው።

ከዘዴው ይልቅ የሚከብደው ግን ለማስረጃ የመታመን ኅሊና ነው። የቤት ሽያጭ ማስታወቂያን ለምሳሌ እንውሰድ። በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ የአዲስ አበባ 11ኛ ክፍለ ከተማ የሆነው ለሚ ኩራ፣ ከሲኤምሲ እስከ አያት፣ ከሰሚት እስከ ቦሌ አራብሳ፣ አፓርታማና ኮንዶሚኒየም የበዛበት አካባቢ ነው። እንዲህ ባለ አካባቢ፣ ገና ያልተገነባ ቤት በሥዕል ብቻ ታይቶ በሚሸጥበት ዘመን፣ ማስታወቂያ ጸሐፊው የሚመርጣት አንዲት ቃል የአንድን ቤተሰብ የዓመታት ቁጠባ ልታንቀሳቅስ ትችላለች። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ አዋጁ ግን የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ቃሉ ከተነገረ በኋላ ሲሆን፣ ኅሊና የሚሠራው ቃሉ ገና በረቂቅ ሳለ ነው።

ስለዚህ ልጃቸው ነጭ ጋዋኑን ሰቅሎ ወደ ማስታወቂያ ስቱዲዮ ሲሄድ የሚያዝኑ ወላጆች፣ ሊመዝኑ የሚገባቸው ትቶት የሄደውን ዲፕሎማ ብቻ ሳይሆን ይዞት የሄደውን ጥያቄ ጭምር ነው። በቤተ ሙከራ ውስጥ «ይህ በምን ተረጋገጠ?» ብሎ መጠየቅን የለመደ ሰው፣ ይህንኑ ጥያቄ ለሕዝብ ከሚናገረው ቃል ፊት ማቆም እስከ ቻለ ድረስ፣ ሳይንስን ጥሏል ሊባል አይገባም።