ከመቀባታችሁ በፊት አንብቡት

ባልና ሚስት ሆናችሁ ቅድስት አገርን ለመጎብኘት ዕድል ካገኛችሁ፣ ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ቁልቁል መውረዳችሁ አይቀርም። ጨው ባሕር ስትደርሱም ጎብኚ ሁሉ የሚያደርገውን ታደርጋላችሁ፤ ውኃው ላይ ትንሳፈፋላችሁ፣ ጭቃ ትቀባላችሁ፣ ፎቶ ትነሣላችሁ። እኔ የምለምናችሁ ጭቃውን ከመቀባታችሁ በፊት እንድታነቡት ነው።

ባሕሩ በየዓመቱ አንድ ሜትር ያህል ይወርዳል። በዓይንጋዲ አካባቢ ከተራራው የሚመጣው ጎርፍ የቀድሞውን የባሕር ወለል ሸርሽሮ ገደል አድርጎታል። በገደሉ ግድግዳ ላይ እንደ እንጀራ የተነባበሩ ስስ ንጣፎች ታያላችሁ። ጠቆር ያለው በዝናብ ወራት ጎርፍ ያመጣው አፈር ነው፤ ነጩ በበጋ ውኃው ሲተን የዘቀጠ ማዕድን ነው። በመካከላቸው አንዳንዱ ንጣፍ የተጣጠፈና የተደባለቀ ነው። ከላዩም ከታቹም ያሉት ግን አልተነኩም። ምድር ስትናወጥ ገና ያልጠነከረው ጭቃ ተናጠ፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ጎርፍ በላዩ ጸጥ ብሎ ተኛ። ባለሙያዎች በውስጡ የተቀበረውን የዕፅዋት ቅሪት በካርቦን መርምረው ዘመኑን ያሰላሉ።

አሞጽ ከምድር መናወጥ በፊት ሁለት ዓመት ቀድሞ እንደ ተናገረ ታነባላችሁ (አሞ. 1፥1)፤ ዘካርያስም ሕዝቡ በዖዝያን ዘመን ከዚያ መናወጥ እንዴት እንደ ሸሸ ያስታውሳል (ዘካ. 14፥5)። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዓመት የተናጠ ንጣፍ በዚህ ጭቃ ውስጥ ተገኝቷል። በሰሜን በአሶር ቁፋሮም የዚያ ዘመን ግድግዳዎች ዘምመው ወጥተዋል።

በዚህ አካባቢ ብዙ ሰው የገደለው የቅርቡ መናወጥ እ.ኤ.አ. ጁላይ 11 ቀን 1927 የደረሰው ነው። መጠኑ 6.2 ገደማ ሲሆን በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። አያት ለልጅ ልጁ የሚነግረው እስከዚህ ድረስ ነው፤ ጭቃው ግን ከዚያ የባሰ ያውቃል። ከባሕሩ መካከል ተቆፍሮ የወጣው ደለል 220 ሺህ ዓመት ይሸፍናል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት ከዚህ ደለል ተነሥቶ፣ መጠኑ 7 እና ከዚያ በላይ የሆነ መናወጥ በአማካይ በ1400 ዓመት ወይም ባነሰ ጊዜ አንዴ እንደሚመጣ ገመተ። ቀድሞ ግምቱ ከ7 እስከ 11 ሺህ ዓመት ነበር! ደግሞም በእኩል ጊዜ አይመጣም፤ ተከታትሎ ይመጣና ለረጅም ዘመን ዝም ይላል። መሐንዲስ ለሕንፃ ዓምድ ስንት ብረት እንደሚበቃ ሲያሰላ እንዲህ ያለው ግምት ያስፈልገዋል።

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አይምሰላችሁ። ይህ ስንጥቅ ከቀይ ባሕር ጋር ይገናኛል፤ ቀይ ባሕርም በአፋር ከእኛው ስምጥ ሸለቆ ጋር። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ ምድር ስትናወጥ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ። ቤት ለመሥራት የምትቆጥቡ ጥንዶችም ስለ ቀለሙ ከመነጋገራችሁ በፊት ስለ ብረቱ ጠይቁ።

ገደሉን ለማየት በማለዳ ሂዱ፤ ሙቀቱ አይቻልም። መንገድ የሚያውቅ ሰው ይኑራችሁ፣ የታጠረውንም አትለፉ። ባሕሩ በሸሸበት ሥፍራ ከሥር ያለው ጨው እየሟሟ ጉድጓድ ሳይታሰብ ይከፈታል። ዝናብ ካለ ደግሞ ጉብኝቱን ለሌላ ቀን አቆዩት።