ክረምቱ የልጆች ነው

ሰኔ አልቆ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኛ ወላጆች ስንገናኝ የምንጠያየቀው አንድ ነገር ነው፤ «ዘንድሮ ልጆቹን የት አስገባሻቸው?» ማጠናከሪያ፣ ኮምፒውተር፣ ዋና፣ እንግሊዝኛ። ሥራ የሚውል ወላጅ ልጁን የሚያውልበት ቦታ ቢፈልግ አይፈረድበትም፤ እኔም የምሠራ እናት ነኝ። ጥያቄው ውስጥ ያለው ሐሳብ ግን ያሳዝነኛል። ክረምትን ልጅ እንዳይባክንበት በአንድ ነገር መሞላት ያለበት ባዶ ጊዜ አድርገን ቆጥረነዋል። በእኛ አቆጣጠር ክረምት ባዶ ሆኖ አያውቅም። እንዲያውም ከዓመቱ ውስጥ ለልጆች የተሰጠ ወቅት ካለ ይኸው ክረምት ነው።

እስቲ ልብ ብላችሁ እዩት። ነሐሴ ሲጠባ ፍልሰታ ይገባል። አዋቂ የሚጾማቸው አጽዋማት ብዙ ናቸው፤ ፍልሰታን ግን ልጆችም ይጾሙታል፤ ነጠላቸውን ለብሰው ቅዳሴ ቆመው ይቆርባሉ። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው። ጳጉሜን 3 ሩፋኤል ነው፤ የዚያን ቀን የሚዘንበው ዝናብ ጠበል ነው ተብሎ ልጅ ሁሉ ደጅ ወጥቶ ይጠመቅበታል፤ ሌላ ጊዜ «ብርድ ይመታሃል» የምትል እናት እንኳ ያን ቀን አትከለክልም። መስከረም 1 ደግሞ ሴቶቹ አበባየሆሽ እያሉ፣ ወንዶቹ የሳሉትን ሥዕል ይዘው በየቤቱ ይዞራሉ። ሰማዩ በጠቆረበት፣ ጭቃው ሰውን ሁሉ ቤት በከተተበት ጊዜ የልጆቹ በዓላት እንዲህ ተከታትለው መምጣታቸው በአጋጣሚ አይመስለኝም።

ዘንድሮ ቤታችን ሞልቷል። እህቴ ሁለት ልጆቿን ይዛ ከአሜሪካ፣ ከሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ መጥታለች። እነሱ ዘንድ ሐምሌ የሙቀት ወር ስለሆነ ልጆቹ ከአውሮፕላን የወረዱት በቁምጣ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች፣ በሐምሌ ሌሊት ብርድ ልብስ የምታስደርብ ከተማ መሆኗን ማንም አልነገራቸውም። እናቴ ገና ኤርፖርት በር ላይ ሁለቱን በአንድ ጋቢ ጠቀለለቻቸው። አሁን በጋቢው ከልጆቼ ጋር ይጣላሉ።

በአንድ ከሰዓት ዝናቡ ሲያባራ ከባለቤቴ ጋር ሆነን አራቱንም ይዘን ወረድን። ካለፈው ዓመት ደብተር ቅጠል እየቀደዱ ጀልባ ሠርተው መንገድ ዳር ባለችው ትንሽ ቦይ ለቀቁ። እጃቸውን አለቀቅንም፤ ክዳን የሌለው ማንሆል ባለበት ከተማ ልጅን ከጎርፍ አጠገብ ለብቻው መተው አይቻልም። የሰባት ዓመቱ ልጄ ጀልባው ከዓይኑ እስኪጠፋ ተከትሎ አየና አባቱን «ባሕር ይደርሳል?» አለው። አባቱ ነገሩን እንደዋዛ አላለፈውም። ቁጢጥ ብሎ ያስረዳው ጀመር። የእኛ ቦይ ወንዝ ይገባል፣ ወንዙ አቃቂን ይቀላቀላል፣ አቃቂ በአባ ሳሙኤል በኩል አልፎ አዋሽን ያገኘዋል። አዋሽ ደግሞ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አፋር ምድር ይገባና ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ሲደርስ ያበቃል። ባሕሩ ቅርብ ነው፤ አዋሽ ግን አይደርስበትም፤ ውኃው እዚያው ሐይቁ ላይ በፀሐይ ይተናል። ልጄ ትንሽ አሰበና ሌላ ቅጠል ቀደደ። ሁለተኛው ጀልባ ላይ በትልልቅ ፊደል «ለአፋር ልጆች» ብሎ ጽፎ ለቀቀው። ይህን በየትኛው የክረምት ኮርስ ከፍዬ ላስተምረው እችል ነበር?

የዚያኑ ዕለት ማታ መብራት ጠፋ። ስልኮቹም ባትሪ ጨርሰው ስለነበር ልጆቹ ሻማው ዙሪያ እናቴ ላይ ተከመሩ። «እንቆቅልሽ!» አለች። የኔዎቹ «ምን አውቅልሽ!» ሲሉ የእህቴ ልጆችም ተከትለው ጮኹ። «ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?» መኪና አሉ፣ አውሮፕላን አሉ፣ ሰዓት አሉ። አላገኙትም። «እንግዲያው ሀገር ስጡኝ!» ልጆቼ ጎንደርንም ሐረርንም ቢያቀርቡላት እንቢ አለች። በመጨረሻ የእህቴ ትልቁ ልጅ በተሰባበረ አማርኛ «ሜሪላንድን ሰጠሁሽ» አላት። እናቴ ተቀበለች። «ሜሪላንድ ገብቼ፣ የልጄን ቤት አይቼ፣ የልጅ ልጆቼን በየአልጋቸው ስሜ፣ ቁርሳቸውን አብልቼ ትምህርት ቤት ሸኘኋቸው» አለች። እናቴ ሜሪላንድን አይታ አታውቅም። እህቴ ተነስታ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። እናቴ የእንቆቅልሹን ፍቺ እንኳ ሳትነግራቸው ልጄ ድንገት «አዋሽ! አዋሽ ነው!» ብሎ ዘለለ።

ከዚያ ተራው የአራት ዓመቷ ልጄ ሆነ፤ እንቆቅልሹን ራሷ ፈጥራ «ሁልጊዜ እርጥብ የሆነ?» ብላ ጠየቀች። ዝናብ፣ እንቁራሪት፣ ሣር ብንላት ሁሉንም አይደለም አለች። የወንድሟ ካልሲ ነው። በክረምት ልብስ የሚያጥብ ሰው ሁሉ ልጅቷ እውነቷን መሆኑን ያውቃል።

አሁን ቤቱ ቡሄን እየጠበቀ ነው። ታሪኩንም የነገረቻቸው እናቴ ናት። ጌታችን በደብረ ታቦር ተራራ ብርሃነ መለኮቱን በገለጠ ጊዜ እረኞቹ ብርሃኑን አይተው ያልመሸ መስሏቸው ከከብቶቻቸው ጋር ዱር ቆዩ፤ ወላጆቻቸው ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ሊፈልጓቸው ወጡ። ትንሿ «ስላመሹ አልተቆጧቸውም?» አለቻት። «ዳቦ ነው የወሰዱላቸው» አለች እናቴ።

ይህን መልስ ደጋግሜ አስበዋለሁ። ልጅ ሲቆይ ፈልጎ የሚመጣ፣ ሲመጣም ዳቦ የያዘ ወላጅ ነው በዚህ በዓል የሚታወሰው።

ልጆቹ የመጥረጊያ እንጨት ነቅለው ዱላ አድርገው ደረጃው ላይ እየወቁ የቡሄውን ሆያ ሆዬ ይለማመዳሉ። ከጎረቤት ሁለት ተጨምረው ስድስት ሆነዋል። አውጪው ከሜሪላንድ የመጣው ነው፤ አማርኛው ገና ቢሆንም ድምፁ ከሁሉም ይበልጣል፤ ግጥሙን በእንግሊዝኛ ፊደል ወረቀት ላይ ጽፎ ይዞታል። ትንሿ ልጄም እሄዳለሁ ብላለች። ሆያ ሆዬ የወንዶች ነው፣ ያንቺ መስከረም ላይ ነው ቢሏትም አልሰማችም። እኔ ትሂድ ብያለሁ፤ መስከረም ለአራት ዓመት ልጅ ሩቅ ነው።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል፤ ይህንንም የምጽፈው ለእሱ ነው። አምና ልጆቹ ሲዞሩ ብዙ በር ተዘጋባቸው። ቴሌቪዥኑ እየተሰማ «ሰው የለም» ያላቸው ቤት ነበር። አጥር ያለው አፓርታማ ጥበቃ ገና ከበሩ መለሳቸው። ሌላው ደግሞ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ መቶ ብር ወርውሮ፣ መጨፈር ሳይጀምሩ ሸኛቸው። የመጨረሻው ለጋስ ይመስላል፤ ነገር ግን ልጆቹ ዝም ብለው ገንዘብ ሊለቅሙ አልመጡም። ቤቱን ሊመርቁ ነው የመጡት፤ ምረቃው ደግሞ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ለልጆች ወቅት ሰጥተን በሩን ከዘጋንባቸው ወቅቱን መልሰን ቀማናቸው ማለት ነው። የክረምት ትምህርቱም፣ ስልኩም፣ የተዘጋውም በር ለእኔ አንድ ናቸው።

ነገ ማታ ሊጡን እናቦካለን። ኮባ ከገበያ አግኝቻለሁ፤ እናቴ ሙልሙሉን በኮባ ጠቅልላ በምጣድ ትጋግራለች። ጾሙም አይከለክለውም፤ የስንዴ ዱቄት፣ እርሾ፣ ውኃና ጨው ነው። ለክርስትና ልጆቼ ለየብቻ ይቀመጣል፤ ለሚመጣው ልጅ ሁሉ የሚሆን እንጋግራለን።

የሰፈሬ ሰዎች፣ ቡሄ ዕለት አመሻሽ ላይ የእኛዎቹ ሲመጡ እባካችሁ ክፈቱላቸው። ሙልሙል ከሌለ ተራ ዳቦም ይሆናል፣ ሳንቲምም ይሆናል። በር ላይ ቆማችሁ እስከ ምረቃው ስሟቸው። ከፊት ያለው ልጅ ወረቀቱን ሲያነብ ቢደናቀፍ አትሳቁበት፤ መልሶ እስኪይዘው ጠብቁት። ከኋላ የምትመጣዋ አጭሯ የኔ ናት፤ ዱላዋ ከቁመቷ ስለሚበልጥ ደረጃው ላይ መብራት አብሩላት።